ሽማግሌው ኤሊ

አባቴና ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ገላው የተኳረፉት በጭፈራ ነው ብዬ ስምልና ስገዘት ኖሬያለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ማስረጃም ነበረኝ። ማስረጃዬ የጊዲዮን ሰርግ ዲቪዲ ነው።

ጊዲዮን የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ የሆቴል አዳራሽ ሲያገባ አንደኛ ሚዜው አባቴ መንገሻ ነበር። ዲቪዲው ላይ አባቴ ክራባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ መሃል ገብቶ ሲጨፍር ይታያል። እንደዚያ ያለ እስክስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰው ሁሉ ከቦት ያጨበጭባል። ከሰዉ ጀርባ፣ ከኬኩ አጠገብ፣ ጋሼ ገላው ብቻውን ቆሟል። አይጨፍርም። ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ግን ከዘፈኑ ጋር አይገጥምም። በየመሃሉ ደግሞ በናፕኪን ፊቱን ይጠርጋል። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። ቀንቷል። ታናሽ ወንድሙ በልጦት ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብለት ማን ደስ ይለዋል?

ከሰርጉ በኋላ በሳምንቱ ቤታችን ሰው ሞላ። ጥቁር ተለበሰ፣ ተለቀሰ፤ አዲስ አበባ ያሉት አያቴ አረፉ ተባለ። እኔ ገና ሰባት ዓመት አልሞላኝም፤ አያቴን የማውቃቸው በስልክ "ሂዊዬ" ሲሉኝ ብቻ ነው። ሰርግና ለቅሶ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አስቀመጥኳቸው። ሰዉ ተበትኖ ፍራሹ ሲነሳ ግን አባቴ ለእናቴ ለየዓለምዘርፍ ሲናገር የኩሽናው በር ላይ ቆሜ ሰማሁ።

"እያወቀ አስጨፈረኝ፣ የዓለም! ሰው ፊት እያወቀ አስጨፈረኝ!"

"ተው እንግዲህ" ትለዋለች እናቴ፤ "ላንተው ብሎ ነው።"

በእኔ ጭንቅላት ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ጋሼ ገላው አባቴን ጨፍር ብሎ አስገድዶታል፣ ሲጨፍርለት ደግሞ ቀንቷል። ጥፋተኛው እሱ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለታችን ቤት መሃል ያለውን ድልድይ መሻገር ቀረ። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እነሱ አሌክሳንድሪያ፤ ትራፊክ ከሌለ ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ የግማሽ ሰዓት ጉዞ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ሆድና ጀርባ ሲሆኑ ግን ለእኔ ባሕር ማዶ ሆነ። ጭፈራውስ ይቅር፤ የእኔ ችግር ምናሴ ነበር። ምናሴ የጋሼ ገላው ልጅ ነው፣ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። እህትም ወንድምም ለሌለኝ ለእኔ እህቴም ወንድሜም እሱ ነበር። የአባቶቻችን ኩርፊያ እሱን ይዞብኝ ሄደ፤ በጣም ነበር የሚናፍቀኝ።

ሊያስታርቁ ያልሞከሩ አልነበሩም። ጋሽ አምሃ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚናገሩ የተከበሩ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ቤታችን ተመላለሱ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነባቸው። በሦስተኛው ጊዜ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማቸው ቆየና ቀና አለ።

"ጋሽ አምሃ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን እርስዎም እኮ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። እርስዎም ያውቁ ነበር።"

ጋሽ አምሃ ኮፍያቸውን አንስተው ቀስ ብለው ወጡ። እኔ ሶፋው ጀርባ ሆኜ በኩራት ተነፋሁ። እሳቸውም ያውቃሉ! አባቴ ምን ያህል አሳምሮ እንደጨፈረ እሳቸውም አይተዋል!

ዛሬ ጋሽ አምሃ ያን ቀን ምን ያህል እንዳፈሩ ይገባኛል። አያቴ የሞቱት ከሰርጉ አራት ቀን ቀድሞ ነበር። ወሬው የደረሰው ለጋሼ ገላው ነው። አዳራሹ ውስጥ ከአባቴና ከሙሽሮቹ በቀር የሚያውቀው ብዙ ነበር። አባቱ ሞቶ፣ ሰው ሁሉ እያወቀ፣ እሱ ክራባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ትከሻውን ይመታል። የሚያጨበጭብለት ሰው ያጨበጨበው በሀዘኔታ ነበር።

ፖንድቪል ወደ ቤታችን የገባው በዚህ መሃል ነው። ፖንድቪል ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የልጆች መንደር ነበር። መሃሉ ላይ ኩሬ አለ፣ በኩሬው ዙሪያ ቤቶች። የሚገባው ልጅ ሁሉ አንድ እንስሳ ይሆናል። ቤት ይሠራል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ የሚናገረው ከራሱ በላይ በነጭ ደመና ተጽፎ ይወጣል። እኔ ቢጫ ጥንቸል ነበርኩ። ምናሴ ኤሊ ነበር። የሁለታችን ቤት ጎን ለጎን ነው፣ አጥሩን ተባብረን ነው የቀባነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ እገባ ነበር። በእንግሊዝኛ እንጻጻፋለን፣ እንሯሯጣለን፣ አንድ ዓሣ አጥምደን በመስታወት ገንዳ ውስጥ አኖርንና ሚስተር ፒክል ብለን ስም አወጣንለት። አርባ ዓሣ አለኝ ብዬ ለእናቴ ስነግራት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብላ ትስቅብኝ ነበር። ይሳቅብኝ። ምናሴን አግኝቼዋለሁ።

ያን ቦታ ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ራሴ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት እናቴን ስጠይቃት እንደገና ሳቀችብኝ። እሷና የምናሴ እናት ሳምሪ አንድም ሳምንት ስልክ አቋርጠው አያውቁም ነበር። "ወንዶቹ ይኳረፉ፤ ልጆቹ ምን በደሉ?" ብለው ተማክረው፣ አንዷ ለእኔ ሌላዋ ለእሱ፣ በአንድ ቀን የከፈቱልን እነሱ ናቸው። እኔ ግን ምስጢር የያዝኩ መስሎኝ፣ አባቴ ካወቀ ምናሴን ለሁለተኛ ጊዜ ይወስድብኛል ብዬ እፈራ ነበር። አባቴ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ስለሚነዳ ለመደበቅ አላስቸገረኝም።

ከዚያ ያ ትልቁ በረዶ ወረደ። የዓቢይ ጾም የገባበት ሳምንት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የአባቴ ታክሲ ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀብሮ ጣሪያው ላይ ያለችው መብራት ብቻ ቀረች። አባቴን ሥራ ፈቶ አይቼው አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተኛ። በሁለተኛው ቀን ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቶ ገጠመ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ከወንበሬ ጀርባ ቆመ።

"ይቺ ጥንቸል አንቺ ነሽ?"

"የስ።"

"ኤሊውስ ማነው?"

"ጀስት ኤ ኪድ። ከስኩሌ።"

ዋሸሁ፤ ግን ከእያንዳንዱ እንስሳ በላይ ስሙ ተጽፏል። ከኤሊው በላይ "ምናሴ" ይላል። አባቴ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ጎንበስ ብሎ አነበበ።

"ደህና ነው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ሁ?"

"ልጁ። ኤሊው።"

"ሂ ኢዝ ፋይን።"

"ጥሩ" አለና ወደ ኩሽና ሄደ። ቁጣ የለ፣ ክልከላ የለ። ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ "ሂዊ፣ ከእናትሽ ጋር ውጪና በረዶ ተጫወቺ" አለኝ። ሌላ ጊዜ መስኮት ስከፍት እንኳ ብርድ ይመታሻል የሚል ሰው ነው። ወጣሁ። ስመለስ ጥንቸሌ ከተውኳት ቦታ የለችም። ኤሊው ቤት በረንዳ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እግሯን ሰብስባ ተቀምጣለች። ከተጻፈው የመጨረሻዎቹ መስመሮች አልጠፉም ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት።

ጥንቸሏ፣ ማለትም እኔ፣ እንዲህ ብያለሁ። "ምናሴ እንደምን አለህ? ትምህርት እንዴት ነው? አባትህን ወገቡን ያመው ነበር፣ ተሻለው ወይ?"

ኤሊው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሻለዋል። አንቺስ? አባትሽ ሲጋራውን ዛሬም አልተወም?"

ጥንቸሏ፣ "ትቷል። ሁለት ዓመት ሆነው።"

ኤሊው፣ "ጎሽ።"

ተናደድኩ። እኔ በሕይወቴ የሰው ወገብ ጠይቄ አላውቅም! አባቴ በእኔ ስም ገብቶ ምናሴን እየሰለለ ነው፤ የጭፈራውን ክርክር የሚረታበት መረጃ እየሰበሰበ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። አባቴስ አባቴ ነው። ምናሴ ከመቼ ወዲህ ነው በአማርኛ የሚጽፈው? ቤታቸው እናቱ በአማርኛ ስትጠራው በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ ነው። "ጎሽ" የሚል የአሥር ዓመት ልጅ ማን አይቷል?

በረዶው ሊወርድ ሰሞን አንዲት ፖሊስ ክፍላችን መጥታ ስለ ኢንተርኔት አስተምራን ነበር። ልጅ ነኝ ያለ ሁሉ ልጅ አይደለም፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ሰውዬ ነው ብላናለች። ስለ ቤተሰባችሁ አብዝቶ ከጠየቀ ጠርጥሩ፣ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ ብላናለች። ፖንድቪል ውስጥም ለዚሁ የሚሆን ቀይ ቁልፍ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ሳይነሳ ራሴ ልፈትነው ገባሁ። ኤሊው ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሩን ከፍቼ ስገባ ብድግ ብሎ ቆመ።

"ኖር" የሚል ደመና ወጣ።

እኔ ምን አውቄ! "ዋት?" ብዬ ጻፍኩ። ኤሊው ትንሽ ቆይቶ ተቀመጠ። እኔም ፈተናዬን አቀረብኩ፤ የዓሣችን ስም ማነው አልኩት በእንግሊዝኛ። መልሱ ዘገየ። ከዚያ መጣ።

"ዓሣ አሁን ጾም ነው ልጄ።"

ልጄ! ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ምስር እያጠበች ነበር። ምናሴ ምናሴ አይደለም፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ገብቶበታል፣ ዳዲ ደግሞ ሳያውቅ እያወራው ነው ብዬ ትንፋሼ እስኪያጥር ነገርኳት። እናቴ ፊቷን ወደ ቧንቧው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ወገቧን አቀፍኳት።

"አይዞሽ" አልኳት።

"አይዞኝ" አለች በሳቅ የታፈነ ድምፅ። "እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ምንም አትንኪ፣ እሺ?"

እሺ አልኩ። እስካሁንም የምትወቅሰኝ በዚያ እሺ ነው።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ወደ በረዶው ተላክሁ። አንዱ ጓንቴ ጠፋብኝና ቶሎ ተመለስኩ። አባቴ በአንድ ጣት እየጻፈ ነበር። መግባቴን አልሰማም። ካልሲዬን እየጎተትኩ ከጀርባው ቆምኩ።

ጥንቸሏና ኤሊው የኤሊው ቤት በር ላይ ቆመዋል። በሩ ተከፍቷል። ማንም አይገባም።

"ግባ እንጂ ምናሴ።"

"ኧረ አንቺ ቅደሚ።"

"አይሆንም፣ ቤቱ ያንተ ነው።"

"እንግዳ ይቀድማል። በሞቴ።"

"እኔ ልሙት፣ አንተ ቅደም።"

በዚያ ሰዓት ሌሎች ልጆች፣ ድቦችና እንቁራሪቶች፣ በአጠገባቸው ሽው እያሉ ያልፋሉ። አንዲት ዳክዬ ቆማ አየቻቸውና በእንግሊዝኛ "ጨዋታችሁ ቆሞባችኋል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። በመጨረሻ አባቴ ምን እንዳደረገ እንጃ፣ ጥንቸሏ በአንድ ዝላይ ዘላ ገባች። ተቀመጡ።

አሁን ላይ ሆኜ ልናገር። አባቴ ማን እንደሚያናግር ያወቀው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጥንቸሏን ይዞ ሲገባ ኤሊው ተነስቶ "ኖር" አለው፤ እሱም ሳያስበው "በእግዜር" ብሎ ጻፈ። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ተዋወቁ። የአሥር ዓመት ልጅ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ ኖር አይልም፣ የዘጠኝ ዓመቷም በእግዜር ብላ አትቀመጥም። አውቀው ግን አልተላለፉም። "ፊት ለፊትማ አፌ አይከፈትም ነበር" ይላል አባቴ። "በጥንቸል አፍ ሲሆን ወጣልኝ።" ጋሼ ገላውም እንደዚያው፤ እሱም በረዶው ቤት አውሎት ነው የልጁን ኤሊ የያዘው። ልጁን ሆኖ ስለ ራሱ ማውራት ቀለለው።

ያን ቀን ከአባቴ ጀርባ ሆኜ ያነበብኩት እንዲህ ይላል። በየመስመሩ ነበር የሚመጣው፣ እየቆየ።

"ሂዊ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"ንገረኝ" አለች ጥንቸሏ።

"አባባ የሞቱ ጊዜ ለአባቴ ማክሰኞ ተደወለለት። ለአባትሽ ሊነግር ታክሲ ማቆሚያው ድረስ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ መንገሻ ሚዜ ነው፣ ሰርጉ ይለፍ አሉት። ሰርጉ ሲያልፍ መልሱ ይለፍ አሉ። ከዚያ ደግሞ ሰው ሥራ ስለሚገባ መርዶው ለቅዳሜ ይሁን አሉ።"

"እሺ" አለች ጥንቸሏ።

"አሥራ አንድ ቀን ነው። አባቴ ሥራ ውሎ ይገባና ባኞ ቤት ገብቶ ውሃ ይከፍት ነበር። ሻወር አይወስድም። ውሃውን ከፍቶ ያለቅሳል።"

ኤሊው ቀጠለ።

"አዳራሹም የሄደው ፈልጎ አይደለም። እኔ ከቀረሁ መንገሻ ይጠረጥራል ብዬ ነው። ቆሜ ሳየው፣ አባቱ ያልሞተበት ሰው በቤታችን እሱ ብቻ ነው አልኩ። ይቺን ቅዳሜ ትቆይለት አልኩ።"

ከዚህ ሁሉ እኔ የገባኝ ግማሹ ነው። የቀረው ግማሽ አልገባኝም፣ ምክንያቱም አባቴን እያየሁ ነበር። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ጥሎታል። እንባው በአገጩ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። አባቴ በአያቴ ለቅሶ እንኳ እኔ ፊት እንዲህ አላለቀሰም። እንግዲህ ያ ሽማግሌ ሰውዬ አባቴን አስለቀሰው! እናቴን እሺ ያልኳትን ረሳሁ። በክንዱ ሥር እጄን ሰድጄ ማውሱን ያዝኩና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። ምክንያት ሲጠይቀኝ "ልጅ አይደለም፣ ትልቅ ሰው ነው" የሚለውን መረጥኩ።

ኤሊው ከነወንበሩ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ጠፋ።

አባቴ አንድ መልስ ጀምሮ ነበር። ጣቱ አየር ላይ ቀረ።

"ዶንት ክራይ፣ ዳዲ" አልኩት። "ኢት ዋዝንት ምናሴ። ኢት ዋዝ አን ኦልድ ማን!"

"አውቃለሁ!" አለ አባቴ። "የት ሄደ? ምን አደረግሽው?"

"ሪፖርት አደረግኩት።"

"መልሺው!"

"አይ ካንት! ተዘግቷል!"

አባቴ ጥንቸሏን ባዶው ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ አንከራተታት። "ገላው" ብሎ ጻፈ። መልስ የለም። "ገላው ወንድሜ" ብሎ ጻፈ። የሚያነበው ሰው አልነበረም። እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ስልኩን አንስታ ዘረጋችለት።

"ደውልለት።"

"ይሄ በስልክ አይሆንም" አለ አባቴ፤ ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደርቦ ወጣ።

ታክሲውን ከበረዶው ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀብን። አባቴ በትልቁ አካፋ፣ እናቴ በመጥረጊያ፣ እኔ በቀይዋ የፕላስቲክ አካፋዬ ቆፈርን። እኔ የምንሄደው ሽማግሌውን ሰውዬ ልንይዘው ነው ብዬ ነበርና አካፋዬን አልለቀቅኩም። እናቴ ቤት ቀረች፤ "ቀስ ብለህ ንዳ" ከማለት በቀር ምንም አላለችም። በሩ ሲዘጋ ስልኩን ወደ ጆሮዋ ስታስጠጋ አየኋት።

ቤልትዌይ ላይ በመንገዱ ዳር የበረዶ ክምር ቆሟል። ድልድዩን ስንሻገር አባቴ መሪውን አጥብቆ ይዞ ለራሱ "አሥራ አንድ ቀን" አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የእነ ጋሼ ገላው አፓርትመንት ፓርኪንግ ስንደርስ አንድ ሰው በሹራብ ብቻ ሆኖ መኪና ከበረዶ ያወጣል። ጋሼ ገላው ነው። ወዴት ሊሄድ እንደነበር ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም። አባቴ ታክሲውን መሃል መንገድ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ በሩን ሳይዘጋ ወረደ። በረዶው እስከ ጉልበቱ ነው። እኔ አካፋዬን ይዤ ተከተልኩት።

ሰላም አልተባባሉም። ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ።

"ብቻህን?" አለ አባቴ።

ጋሼ ገላው አካፋውን ተደገፈ። "ብቻዬን።"

"አሥራ አንድ ቀን ሙሉ?"

"አሥራ አንድ ቀን።"

"ወይኔ ወንድሜ!" ብሎ አባቴ ጮኸ። "ወይኔ ወንድሜ! እኔ ስጨፍር አንተ ብቻህን!"

ተያያዙ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በረዶ ውስጥ ተንበርክከው፣ አንዱ በአንዱ አንገት ላይ ተደፍቶ፣ "አባዬ፣ አባዬ" እያሉ አለቀሱ። እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ደግሞ ነገሩ ዘግይቶ ገባኝ፣ ያውም ተሳስቶ። ያ ኤሊ የጋሼ ገላው ነበር። ሁለቱም የሚያለቅሱት ስላጠፋሁት ነው።

"አይ አም ሶሪ ጋሼ" አልኩ አካፋዬን ጥዬ። "እኔ ነኝ ሪፖርት ያደረግኩህ። ኦልድ ማን ነው ብዬ ነው።"

ጋሼ ገላው በእንባ የራሰ ፊቱን ቀና አደረገ።

"ነኛ!" አለ። "ታዲያ ምን ዋሸሽ?"

አባቴ ይሳቅ ያልቅስ መለየት አቃተኝ። በዚያው ቅጽበት ምናሴ በነጠላ ጫማ ከደረጃው ላይ እየበረረ ወረደ።

"ሂዊ! ዳዲ ጎት ሚ ባንድ! አካውንቴን ዘጉት! ለእናቴ ኢሜይል ላኩላት! ልጅሽን አንድ ትልቅ ሰው እያነጋገረው ነው፣ ተጠንቀቂ ብለው!" ከዚያ አባቱን በረዶ ላይ ተንበርክኮ አየው። መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በአካል ሳላየው፣ ኤሊ ሆኖ ብቻ ያገኘሁት ልጅ በቁመት በጣም በልጦኛል። እጁን ያዝኩት። አልለቀቅኩትም።

ከሁለተኛው ፎቅ አንድ መስኮት ተከፈተ። ነጭ ፀጉር ያላት አሜሪካዊት ጎረቤት አንገቷን አወጣች። መሃል መንገድ ላይ በሩ ተከፍቶ የቆመ ታክሲ፣ በረዶ ላይ የሚያለቅሱ ሁለት ወንዶች።

"ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬይ?" አለች።

"አወር ፋዘር ዳይድ" አላት ጋሼ ገላው።

"ኦ ዲር፣ አይ አም ሶ ሶሪ" አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "ዌን?"

አባቴ ወንድሙን አየው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ቀና አለ።

"ቱዴይ" አላት።

እኔ መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ከጊዲዮን ሰርግ በኋላ በሳምንቱ ነው የሰማነው። አባቴ ተሳስቷል ብዬ ላርመው አንድ እርምጃ ወደፊት ራመድኩ። ጋሼ ገላው በቀዘቀዘ እጁ ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ አቀፈኝ፤ ምናሴንም ሳበው። አራታችንም እዚያው በረዶው ላይ ቁጭ አልን።